704 ዊኬት ከ376 ይበልጣል? ፈጣን ወርዋሪዎችን ስለማወዳደር የቀረበ ጥያቄና ምላሽ

ጥያቄ፦ «በቴስት ክሪኬት፣ ማለትም በአገሮች መካከል እስከ አምስት ቀን በሚፈጀው ጨዋታ ታሪክ፣ ታላቁ ፈጣን ወርዋሪ ማነው? እንግሊዛዊው ጄምስ አንደርሰን 704 ዊኬት ስላለው፣ ማለትም 704 ጊዜ መቺ ስላስወጣ፣ ነገሩ ያለቀለት ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን 376 ብቻ ያለውን የዌስት ኢንዲሱን (የካሪቢያን አገሮች ቡድን) ማልኮም ማርሻልን ያስቀድማል። ሌላው በፍጥነቱ ፓኪስታናዊውን ሾዓይብ አክታርን ይጠራል፤ ሦስተኛው ደግሞ አማካዩ 10.75 ነው ብሎ ጆርጅ ሎማን የሚባል ሰው ያመጣል። በየትኛው ቁጥር ነው መመዘን ያለብን?»

ምላሽ፦ በአንድ ቁጥር ብቻ አይመዘንም። ማርሻልን ያስቀደመው ጓደኛዎ ግን ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

የዊኬት ድምር የሚነግረን ወርዋሪው ስንት ጊዜ እንደተሰለፈና ሰውነቱ ስንት ዓመት እንደቻለለት ነው። አንደርሰን ከ2003 እስከ 2024 ድረስ 188 ቴስት ተጫውቶ 40,037 ኳስ ወርውሯል። የፈጣን ወርዋሪ የፊት እግር በእያንዳንዱ ውርወራ የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ ተሸክሞ ነው መሬት የሚመታው፤ ይህን ሁሉ ኳስ ችሎ እስከ 41 ዓመቱ መዝለቁ ብቻውን ትልቅ ገድል ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ማርሻል ደግሞ 81 ቴስት ተጫውቶ የወረወረው 17,584 ኳስ ነው። አንደርሰን አንድ መቺ ለማስወጣት 57 ያህል ኳስና 26.45 ራን (መቺዎቹ የሚያገኙት ነጥብ) ሲያወጣ፣ ማርሻል 46.7 ኳስና 20.94 ራን በቅቶታል። የድምሩ ልዩነት በአብዛኛው የመጣው ከጨዋታ ብዛት ነው። እንግሊዝ በዓመት ከማንም የበለጠ ቴስት ከሚጫወቱት አገሮች አንዷ ናት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት አለ፤ «ማርሻል 40,000 ኳስ ቢወረውር ኖሮ ከ850 በላይ ዊኬት ይወስድ ነበር» ይላሉ። ስሌቱ ልክ ቢሆንም ድምዳሜው ልክ አይደለም፤ ሰው ሲያረጅ ፍጥነቱም ብቃቱም ይወርዳል። ስለዚህ ያልተወረወረ ኳስ አይቁጠሩ፤ የተወረወረውን ግን በደንብ ይመርምሩ።

መጀመሪያ የሚታዩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ለአንድ ዊኬት የወጣ ራን፣ ይህም አማካይ የሚባለው ነው፤ ለአንድ ዊኬት የወጣ ኳስ፤ በአንድ ኦቨር ማለትም በስድስት ኳስ የተሰጠ ራን። ሦስቱ የተሳሰሩ ስለሆኑ ነጣጥሎ ማንበብ ያሳስታል። የዌስት ኢንዲሱን ኩርትሊ አምብሮስና የደቡብ አፍሪካውን ዴል ስቴይንን እንውሰድ። የአምብሮስ አማካይ 20.99፣ የስቴይን 22.95 ነው፤ ላይ ላዩን ሲታይ አምብሮስ ይበልጣል። አሁን ለእያንዳንዳቸው 100 ኦቨር እንስጣቸው። አምብሮስ 230 ራን ሰጥቶ 11 ዊኬት ይወስዳል። ስቴይን 325 ራን ይሰጥና 14 ዊኬት ይወስዳል። ቴስት የሚያሸንፈው ቡድን በአምስት ቀን ውስጥ የተጋጣሚውን 20 ዊኬት መጣል አለበት፤ ጊዜ ሲያጥር የስቴይን ሦስት ተጨማሪ ዊኬት ከአምብሮስ ቁጠባ ይበልጣል። ነጥብ ትንሽ በሆነበት ጨዋታ ደግሞ 95 ራን ማትረፍ ማሸነፊያ ነው። አሁን ማርሻልን በዚሁ ሚዛን ያስቀምጡት፦ 269 ራን ሰጥቶ 13 ዊኬት ለመውሰድ ምንም አይቀረው። ከአንዱ ቁጠባውን፣ ከሌላው ቶሎ ቶሎ ዊኬት መጣሉን ወስዶ ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዘ ወርዋሪ በጣም ጥቂት ነው።

የእንግሊዛዊው ሎማን 10.75 እውነተኛ ቁጥር ነው፤ 18 ቴስት፣ 112 ዊኬት። ነገር ግን ውስጡን መክፈት ያስፈልጋል። በ1895-96 ደቡብ አፍሪካ ላይ በሦስት ቴስት 35 ዊኬት የወሰደው እያንዳንዱን በ5.80 ራን ነው። በአንዱ ጨዋታ 7 ራን ብቻ ሰጥቶ 8 መቺ አስወጥቷል። ደቡብ አፍሪካ በዚያን ጊዜ ገና ጀማሪ ቡድን ነበረች። እነዚያን 35 ብናወጣ ከአውስትራሊያ የወሰዳቸው 77 ይቀራሉ፤ አማካዩ ወደ 13 ይወጣል። አሁንም ድንቅ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ፒቹ፣ ማለትም ኳሱ የሚነጥርበት ጠባብ የሜዳ ክፍል፣ ለዝናብና ለጸሐይ ክፍት ነበር፤ ረጥቦ ሲደርቅ ኳስ እንደፈለገ ይዘል ስለነበር ሌሎቹም ወርዋሪዎች ዊኬት የሚወስዱት በርካሽ ነበር። ሎማን ራሱ መካከለኛ ፍጥነት ያለው እንጂ ዛሬ «ፈጣን» በምንለው መደብ የሚገባ አልነበረም። የሌላው እንግሊዛዊ የሲድኒ ባርንስም ነገር ተመሳሳይ ነው። 189 ዊኬቱ በ16.43 ነው፤ ከእነዚህ ግን 83ቱ ከደቡብ አፍሪካ በ10 ራን አካባቢ የተወሰዱ ናቸው፤ ከአውስትራሊያ የወሰዳቸው 106 በ21.58 ናቸው። ባርንስ በዘመኑ አቻ አልነበረውም፤ ይህ ጥርጥር የለውም። ከማርሻል ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ግን ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎችን መደመር ነው። ለንጽጽር ቢያንስ 200 ዊኬት ያለውንና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተጫወተውን ብቻ መያዝ ይመረጣል።

ወደ ፍጥነት እንምጣ። አክታር 161.3 ኪሎ ሜትር በሰዓት የወረወረው በ2003 የዓለም ዋንጫ ማለትም በአንድ ቀን ጨዋታ ነው እንጂ በቴስት አይደለም። በ46 ቴስት 178 ዊኬት በ25.69 አለው፤ ጥሩ ነው፤ ከታላላቆቹ ረድፍ ግን አይደርስም። አውስትራሊያዊው ብሬት ሊም 150ን አዘውትሮ የሚያልፍ ሰው ሆኖ አማካዩ 30.81 ነው። በተቃራኒው የአገሩ ልጅ ግሌን ማግራ በ130 አካባቢ እየወረወረ 563 ዊኬት በ21.64 ወስዷል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ኳሱ ከመቺው ጀርባ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች 7 ሜትር ያህል ርቆ መሬት ሲነካ፣ መቺው ጋ ለመድረስ የሚቀረው አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አየርና መሬት ፍጥነቱን ስለቀነሱበት ይህን ርቀት የሚጨርሰው በ0.2 ሰከንድ አካባቢ ነው። የሰው ዓይን አይቶ እጅ መንቀሳቀስ እስኪጀምር የሚፈጀውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ኳሱ ከነጠረ በኋላ አቅጣጫ ከቀየረ መቺው ሊያርመው አይችልም፤ መምቻውን የወሰነው ቀድሞ ነው። የመምቻው ስፋት በሕጉ ከ10.8 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 5.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ኳስ ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ከታጠፈ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ ከጠርዝ ደግሞ ወደ ቀላቢው እጅ፤ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣል። ግማሽ ሜትር የሚታጠፍ ኳስ ያምራል እንጂ መምቻውን ስቶ ያልፋል። የማግራ ጥበብ ይህ ነበር፤ የኳሱን ስፌት ቀጥ አድርጎ፣ ከረጅም ቁመቱ ላይ፣ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይመታል፤ ኳሱ ስፌቱ ላይ ሲያርፍ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ትንሽ ይላል፤ መቺው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅበት ምልክት የለም። የእንግሊዙን መቺ ማይክል አተርተንን 19 ጊዜ ያስወጣው በዚህ መንገድ ነው። ፍጥነት የሚጠቅመው ከዚህ ላይ ሲደመር ነው፤ ብቻውን ከሆነ ጥሩ መቺ ይለምደዋል።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ማጣሪያ የሚመጣው፤ የት ወሰደው? ቴስት የሚጫወተው በየአገሩ በተለያየ ኳስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዱክስ የሚባለው ኳስ ስፌቱ ጎልቶ ይቆያል፤ ሰማዩም ሲደምን ኳሱ በአየር ላይ ይታጠፋል። አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ በኩካቡራ ይጫወታሉ፤ የእሱ ስፌት ቶሎ ይተኛል፤ ከ20 ኦቨር በኋላ ወርዋሪው በጉልበቱና በፒቹ መንጠር ይተማመናል። ህንድ ኤስጂ የተባለውን ትጠቀማለች፤ ፒቿም ዝቅተኛና ቀርፋፋ ስለሆነ ፈጣን ወርዋሪን አይወድም። አንደርሰን በአገሩ አማካዩ ከ25 በታች ሲሆን ከአገሩ ውጭ ወደ 30 ይጠጋል። ብዙ ሰው «ከሁሉም የተሟላ» የሚለው አውስትራሊያዊው ዴኒስ ሊሊ 355 ዊኬት በ23.92 አለው፤ ግን ከእነዚህ 167ቱ ከእንግሊዝ ብቻ ናቸው። ህንድ ውስጥ አንድም ቴስት አልተጫወተም፤ በ1980 ፓኪስታን ውስጥ በሦስት ጨዋታ 3 ዊኬት ብቻ ወሰደ፤ ካሪቢያን ውስጥ በተጫወተበት ብቸኛ ቴስት ምንም አልወሰደም። ይህን ሲያዩ ሊሊን ለማጣጣል አይቸኩሉ፤ በ1973 የጀርባ አጥንቱ ተሰነጣጥቆ አሠራሩን ከሥር ለውጦ የተመለሰ ሰው ነው፤ ከ1977 እስከ 1979 ከዓለም ምርጦች ጋር በዓለም ተከታታይ ክሪኬት፣ ማለትም ከቴስት ውጭ በተካሄደ የግል ውድድር፣ የወሰዳቸውም ዊኬቶች በቴስት መዝገብ አልተቆጠሩለትም። ሆኖም በሁሉም ሜዳ ተፈትኗል ማለት አይቻልም። አምብሮስም ህንድ ውስጥ ቴስት አልተጫወተም።

በዚህ ማጣሪያ ያለጭረት የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። ስቴይን በእስያ ፒቾች ላይ አማካዩ ከ25 በታች ነው፤ በ2010 ናግፑር ላይ 51 ራን ሰጥቶ 7 ህንዳውያንን ያስወጣበት ቀን ፈጣን ወርዋሪ በህንድ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየ ነው። ማግራ ከአገሩ ይልቅ ከአገሩ ውጭ ያለው አማካይ የተሻለ ነው፤ ይህ በፈጣን ወርዋሪዎች ዘንድ ብርቅ ነገር ነው። ማርሻል በ1983-84 ህንድ ውስጥ በስድስት ቴስት 33 ዊኬት በ18.81፣ በ1988 እንግሊዝ ውስጥ በአምስት ቴስት 35 ዊኬት በ12.65 ወስዷል። በተጫወተባቸው አገሮች ሁሉ አማካዩ ከ30 ያለፈበት ኒውዚላንድ ብቻ ናት።

ሌላው የሚዘነጋው በፒቹ ተቃራኒ ጫፍ እየተፈራረቀ የሚወረውረው አጋር ማን ነበር የሚለው ነው። ሪቻርድ ሃድሊ በ86 ቴስት 431 ዊኬት በ22.29 ሲወስድ፣ በአንድ ኢኒንግ (አንድ ቡድን አንዴ በሚመታበት ዙር) አምስትና ከዚያ በላይ ዊኬት 36 ጊዜ ወስዷል። በኒውዚላንድ ቡድን ውስጥ አጋር ስላልነበረው ዊኬቶቹ ለእሱ ቀሩለት፤ ይህ ድምሩን ይረዳዋል። አማካዩን ግን ይጎዳዋል፤ መቺዎች እሱን ተጠንቅቀው አልፈው ከሌላው ነጥብ መሰብሰብ ይችሉ ነበር፤ የሚያፍናቸው ሌላ ሰው አልነበረም። በ1985 ብሪዝበን ላይ 52 ራን ሰጥቶ 9 አውስትራሊያዊ ሲያስወጣ፣ የቀረውን አንዱንም በሌላ ወርዋሪ ኳስ በእጁ የቀለበው እሱ ራሱ ነበር። ማርሻል በአንጻሩ ከጆኤል ጋርነር፣ ከማይክል ሆልዲንግ፣ በኋላም ከአምብሮስና ከኮርትኒ ዎልሽ ጋር ዊኬት ተሻምቷል፤ ያም ሆኖ በአንድ ቴስት 4.6 ዊኬት ደርሷል። ከተሻሚ ጋር ይህን ያህል መውሰድ ብቻውን ከመውሰድ ይከብዳል፤ መቺው ግን ከሁለቱም በኩል ስለተጨነቀ ይቀላል። ሁለቱ በአብዛኛው እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ለሃድሊ ትንሽ ይጨመርለታል፣ ከማርሻል ትንሽ ይቀነስበታል፤ ልዩነቱን ግን አይዘጋውም።

ዘመንን ለማስተካከል ቀላል መንገድ አለ። ወርዋሪው በተጫወተባቸው ጨዋታዎች ሌሎቹ ፈጣን ወርዋሪዎች፣ የሁለቱም ቡድን፣ በስንት ራን ዊኬት እንደወሰዱ ያስሉ፤ የእሱን አማካይ ለዚያ ያካፍሉ። ውጤቱ ከ1 በታች በራቀ መጠን ሰውየው ከዘመኑ ተለይቷል ማለት ነው። ስቴይን እዚህ ላይ ከፍ ይላል፤ ከ2004 ጀምሮ የተጫወተው ፒቹ ጠፍጣፋ፣ መምቻው ወፍራም፣ መቺው ደፋር በሆነበት ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን በየ42.3 ኳሱ ዊኬት መውሰድ በጣም ከባድ ነበር። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ሕጎችም መለወጣቸው ነው፤ የራስ ቁር የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ1991 ለአንድ መቺ በአንድ ኦቨር አንድ ባውንሰር (አጭር ተወርውሮ ወደ መቺው ደረትና ራስ የሚነጥር ኳስ) ብቻ ተፈቀደ፤ በ1994 በኦቨር ወደ ሁለት ከፍ አለ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ኳስ በምራቅ ማሸት ተከልክሏል። ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል ቀመር የለም፤ አለኝ የሚልዎትን አይመኑ።

ምራቅን ካነሳን ፓኪስታናውያኑን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በአማካይ ብቻ ሲታዩ ስለሚበደሉ። ኢምራን ካን 22.81፣ ዋሲም አክራም 23.62፣ ዋቃር ዩኒስ 23.56 ናቸው። ሲሠሩ የነበረው ግን ሌሎች በሚደክሙበት በአሮጌ ኳስ ነው። አዲስ ኳስ ወደ ስፌቱ አቅጣጫ፣ ከሚያበራው ጎን ራቅ ብሎ ይታጠፋል። 40 ኦቨር ካለፈው በኋላ አንዱ ጎን በደንብ ከሻከረ፣ ሌላው ተጠርጎ ለስልሶ ከቆየና ወርዋሪው በቂ ፍጥነት ካለው ኳሱ ተገልብጦ ወደሚያበራው ጎን ይታጠፋል፤ ሪቨርስ ስዊንግ የሚባለው ይህ ነው። የሚታጠፈው ዘግይቶ ስለሆነ ለመቺው የሚቀረው ጊዜ የለም። ይህ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ ሻካራው ጎን በላብ ከረጠበ ወይም ወርዋሪው ፍጥነቱን ከቀነሰ። ዋሲምም ዋቃርም ካስወጧቸው መቺዎች ከግማሽ በላዩን ያስወጡት እንጨት በመምታት ወይም እንጨቱን ሊመታ የነበረ ኳስ የመቺውን እግር ሲመታ ነው፤ ቀላቢ አላስፈለጋቸውም። ጠፍጣፋና ደረቅ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ዋሲምን ነው የምመርጠው፤ በግራ እጁ ስለሚወረውር ማዕዘኑም ሌላ ነው።

ታዲያ ማርሻል ለምን አንደኛ ሆነ? ቁመቱ 1.80 ሜትር አካባቢ ነበር፤ ጋርነር 2.03፣ አምብሮስ 2.01 ናቸው። ከፍ ብሎ የመልቀቅ ጥቅም ስላልነበረው ባውንሰሩ ከፍ ብሎ አያልፍም፤ ዝቅ ብሎ ወደ መቺው ደረትና ጉሮሮ ይንሸራተታል፤ ለመሸሽ አይመችም። ኳስ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም በአንድ ዓይነት አሯሯጥና በአንድ ዓይነት የእጅ ምት ያጥፍ ነበር፤ ፒቹ ሲዘገይ ደግሞ ጣቶቹን በስፌቱ ላይ አንሸራቶ ኳሱ ሲያርፍ እንዲቆርጥ ያደርጋል። በ1984 ሄዲንግሊ ላይ የግራ አውራ ጣቱ ተሰብሮ እጁ በጄሶ ታስሮ ነበር። በሁለተኛው ኢኒንግ ከሙሉ ፍጥነቱ ወርዶ በመታጠፍ ላይ አተኮረ፤ 53 ራን ሰጥቶ 7 ዊኬት ወሰደ፤ እንግሊዝም በ159 ወጣች። ፍጥነት ባይኖረው ምን ይቀረዋል ለሚል መልሱ በዚያ ቀን ተሰጥቷል። አምብሮስ በ1993 ፐርዝ ላይ በ32 ኳስ 1 ራን ሰጥቶ 7 ሲጥል ያየ ሰው ከዚያ የበለጠ አስፈሪ ሰዓት አላየም፤ ግን ያ ፒች የአምብሮስ ፒች ነበር። ማርሻል የራሱ ፒች አላስፈለገውም።

ሁለት ገደቦች አሉ። አንደኛው፣ መዝገቡ ዕድል ያላገኙትን አይዝም። ማይክ ፕሮክተር በ7 ቴስት 41 ዊኬት በ15.02 ወስዶ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1970 ጀምሮ ስትገለል በዚያው ቀረ። የት ይደርስ እንደነበር አይታወቅምና ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ ያላለቀ ሥራ አይመዘንም። ህንዳዊው ጃስፕሪት ቡምራህ በታኅሣሥ 2024 ሜልበርን ላይ 200 ዊኬት ሲሞላ አማካዩ ከ20 በታች ነበር፤ ከእሱ በፊት 200 ደርሶ እንዲህ ያለ አማካይ የያዘ አልነበረም። በዚያ ጉዞ በአውስትራሊያ ምድር በአምስት ቴስት 32 ዊኬት በ13.06 ወስዶ፣ በመጨረሻው ኢኒንግ ጀርባው ታሞ ሳይወረውር ቀረ። የሚከታተሉት ከሆነ ዓይንዎ በአማካዩ ላይ ብቻ አይሁን፤ በየዓመቱ የሚወረውረውን ኳስ ብዛት ይዩ። አማካዩን ይዞ 300ን ካለፈ ከማርሻል ጋር በእኩል ይሟገታል።

እስከዚያው ደረጃዬ ይህ ነው፦ ማርሻል አንደኛ፣ ማግራ ሁለተኛ፣ ከዚያ ስቴይንና ሃድሊ፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማንም ማንን ቢያስቀድም አልከራከርም። አምብሮስ አምስተኛ፣ ዋሲም ስድስተኛ። አንደርሰን ለረጅም ዘመን በመዝለቅ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዊኬት በመጣል ብቃት ግን ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ጥያቄዎ ወደ ቡድን ምርጫ ከተለወጠ መልሱም ይለወጣል፤ ምርጥ ሦስት ሰዎች ሁልጊዜ ምርጥ ሦስትዮሽ አይሆኑም። በዚያ ጊዜ ማርሻልንና ማግራን በአዲሱ ኳስ ያሰልፉ፤ ከ40 ኦቨር በኋላ ኳሱን ለዋሲም ይስጡት፤ 80 ኦቨር ሞልቶ አዲስ ኳስ ሲመጣ እንደገና ወደ ማርሻል ይመልሱት።